ገና ያልወጣ ዊንዶውስን ቢሮ ውስጥ መሞከር፦ ከድሬ የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

ሰኞ ጠዋት 2፡30 ስልኬ ጠራ። ፋጢራዬን ገና አላጋመስኩም። «ስካን ያደረግኩት የታለ?» አለችኝ የጉምሩክ ዲክላሬሽን የምትሠራው ባልደረባዬ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሌላው ደወለ። «የድሮዎቹ ማህደሮች አልከፍት አሉ።» ባጃጅ ይዤ ከዚራ ያለው ቢሮ ስደርስ ሾፌሮች ወረቀታቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እኔን ያያል። ሌላ ቦታ ሄጄ ስሰማት የምታበሽቀኝን «ሲስተም የለም» የምትባል ነገር ያን ቀን እኛው ለደንበኛ ስንላት ዋልን።

ጥፋቱ የኔ ነው። ዓርብ ከሰዓት ቢሮው ጭር ሲል 19ኙንም ኮምፒውተር 24ኤች2 ወደሚባለው የዊንዶውስ 11 ስሪት አሳደግኩ። ሁሉም በሰላም ተነሱ። ደስ ብሎኝ ወደ ሳቢያን፣ ወደ ቤቴ ገባሁ። አንድ ገጽ እንኳ ስካን አድርጌ አላየሁም።

ምን ተፈጠረ መሰላችሁ? የኛ ፎቶኮፒ ማሽን ስካን ያደረገውን የሚልከው አንድ ኮምፒውተር ላይ ወዳለ ሼርድ ፎልደር ነው። የድሮ ማህደሮች ደግሞ ያለ ይለፍ ቃል፣ በእንግድነት የምንገባበት አሮጌ የኔትወርክ ሃርድ ዲስክ ላይ ናቸው። 24ኤች2 በፕሮ እትም ላይ ሁለቱንም በር ዘጋ። በሼርድ ፎልደር የሚደረግ ልውውጥ ሁሉ ዲጂታል ፊርማ እንዲኖረው አስገደደ፤ አሮጌው ማሽን መፈረም አያውቅም። ያለ ይለፍ ቃል በእንግድነት መግባትንም ከለከለ። ሁለቱም ለደህንነት ትክክል ናቸው። እኔ ነኝ ያላወቅኩት።

ደግሞ እኮ ለውጡ ድንገት የመጣ አይደለም። የፊርማው ግዴታ ለሙከራ በሚለቀቀው ዊንዶውስ ላይ የታየው 2015 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። 24ኤች2 ለሁሉም የተለቀቀው መስከረም 2017 ነው (ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከአንድ ዓመት በላይ ጊዜ ነበረኝ። አንድ ላፕቶፕ ላይ ጭኜ አንድ ገጽ ስካን ባደርግ ኖሮ ነገሩን አስቀድሜ አውቀው ነበር።

ማይክሮሶፍት ዊንዶውስን ሞክሮ ነው የሚያወጣው። የኛን ፎቶኮፒ ማሽን፣ የኛን ፒችትሪ (የሒሳብ ፕሮግራማችንን)፣ የኛን የአማርኛ ደብዳቤ ግን የሚሞክርልን የለም። ያ ሥራ የኛ ነው። ከዚያ ሰኞ ወዲህ የምሠራበትን መንገድ ከነስህተቴ ላስረዳችሁ።

1. በመጀመሪያ ሰው ላይ ተቀመጡ

ኮምፒውተር ከመንካታችሁ በፊት ደብተር ያዙ። ሁለት ቀን ይበቃል። ሠራተኛውን «ምን ፕሮግራም ትጠቀማለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ዎርድና ኤክሴል» ብሎ ይገላግላችኋል። ከጎኑ ወንበር ሳቡና ሲሠራ እዩ።

እኔ ዲክላሬሽን ክፍል ስቀመጥ ያየሁት ይሄ ነው። ከጅቡቲ የመጣው የጭነት ሰነድ ስካን ይደረጋል። ፋይሉ በቁጥሩ ይሰየማል። ከዚያ ብሮውዘር ተከፍቶ የጉምሩክ ሰነድ በኢንተርኔት የሚቀርብበት የኤሌክትሮኒክ ሲንግል ዊንዶው ላይ ይጫናል። አንድ ቅጽ ደግሞ ባለ ካርቦን ወረቀት ስለሆነ ዶት ማትሪክስ ፕሪንተር ላይ ይወጣል። ይህ ፕሪንተር ከላፕቶፑ ጋር የሚገናኘው ታይዋን ገበያ በተገዛ አሮጌ የዩኤስቢ ማገናኛ ገመድ ነው። ያን ገመድ ማንም አልነገረኝም። እኔም ገዝቼ የሰጠሁት ራሴ መሆኔን ረስቼዋለሁ!

እንዲህ እያላችሁ ዝርዝር ጻፉ። የኛ 14 መስመር ወጣው። እያንዳንዱ መስመር «እገሌ ይህን ጠቅ ሲያደርግ ይህ ይወጣል» የሚል ይሁን። «ፕሪንተር መሞከር» የሚል መስመር አይጠቅምም። «ባለ ሦስት ቅጠል ቅጽ፣ ሦስቱም ላይ ጽሑፉ መስመሩ ላይ ያርፋል» የሚለው ነው የሚጠቅመው።

በየቀኑ የማይሠሩትን አትርሱ። የወር መጨረሻ የጡረታና የግብር ሪፖርት፣ የበጀት ዓመት መዝጊያ፣ በዓመት አንዴ ለኦዲተር የሚወጣ ባካፕ። ችግር የሚደበቀው እዚያ ነው።

2. የትኛውን ቻናል?

ማይክሮሶፍት ገና ያልወጡ ዊንዶውሶችን የሚለቀው ዊንዶውስ ኢንሳይደር በሚባል ፕሮግራም ነው። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ለድርጅቶችም የራሱ ክፍል አለው። ልቀቶቹ በቻናል ይከፈላሉ።

ካናሪ ጥሬው ነው። ብዙ ነገር ይሞከርበታል፤ የሚጠፋም የሚቀርም አለ። ዴቭ ከሱ ትንሽ ይሻላል። ቤታ ወደሚወጣው ስሪት የቀረበ ነው። ሪሊስ ፕሪቪው ደግሞ ተጠናቆ ሊወጣ በር ላይ የቆመው ነው። ስሞቹን ብዙ አታምኑ፤ ይቀያየራሉ። እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ድረስ ፋስት ሪንግ፣ ስሎው ሪንግ እየተባሉ ነበር የሚጠሩት። ስትመዘገቡ ከስሙ ሥር ያለውን ማብራሪያ አንብቡ።

የኔ ምክር፦ ከ20 እስከ 30 ኮምፒውተር ላለው ቢሮ ሪሊስ ፕሪቪው ይበቃል። 24ኤች2 ሪሊስ ፕሪቪው ላይ የገባው ግንቦት 14 ቀን 2016 ነው። ለሁሉም የወጣው መስከረም 21 ቀን 2017። አራት ወር ማለት ነው! 25ኤች2 ግን ነሐሴ 23 ቀን 2017 ገብቶ መስከረም 20 ቀን 2018 ወጣ። አንድ ወር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ «ሲደርስ አየዋለሁ» አትበሉ። የሙከራ ላፕቶፑ ዓመቱን ሙሉ ተመዝግቦ ይቀመጥ።

ካናሪን ማየት የሚፈልግ ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ፕሮግራም የሚከፈት ሌላ ኮምፒውተር) ላይ ይየው። ዊንዶውስ ፕሮ ካላችሁ ሃይፐር ቪ አብሮት አለ። ፒችትሪ ይከፈታል ወይ የሚለውን ለማየት ይበቃል። ፕሪንተሩንና ያቺን ገመድ ግን አያሳያችሁም። ደግሞ ካናሪ ከገባችሁ መውጫው አንድ ብቻ ነው፤ ፎርማት አድርጎ እንደ አዲስ መጫን።

አንድ ቀለል ያለ መንገድም አለ። ማይክሮሶፍት የወሩን የደህንነት አፕዴት በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ ያወጣል። ከዚያ በኋላ በወሩ መጨረሻ አካባቢ የሚመጣው «ፕሪቪው» የሚል አማራጭ አፕዴት ደግሞ የሚቀጥለው ወር ቅምሻ ነው። ኢንሳይደር መግባት የፈራ ቢሮ ቢያንስ ይህን አንድ ማሽን ላይ ይጫን።

ሰርቨራችሁ ሊኑክስ ከሆነ ሐሳቡ ያው ነው። ሬድ ሃት የምትጠቀሙ ከሆነ ቀጣዩን ስሪት አስቀድማችሁ የምታዩት ሴንት ኦኤስ ስትሪም ላይ ነው። ሴንት ኦኤስ 7 ላይ ያላችሁ ግን ሌላውን ትታችሁ መጀመሪያ ከዚያ ውጡ። ድጋፉ ሰኔ 2016 ላይ አብቅቷል።

3. ማሽኑና ጊዜው

ሁላችንም የምንሠራው ስህተት አለ። ለሙከራ አዲሱን፣ ፈጣኑን ላፕቶፕ እንመርጣለን። ተቃራኒውን አድርጉ። ዊንዶውስ 11 መቀበል ከሚችሉት ውስጥ አሮጌውን ምረጡ። ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ) ያለው ይሁን፣ ሴኪዩር ቡት (ማሽኑ ሲነሳ ያልታመነ ሶፍትዌር የሚያግድ) የሚቀበል፣ ኢንቴል ከሆነ ስምንተኛ ትውልድ። ከዚህ በታች የሆኑትን በሕጉ አይቀበልም። እነሱ የሚተኩበትን ቀን ለብቻው አስቡ፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አልቋል።

ላፕቶፕ ያልኩት በምክንያት ነው። ባትሪ አለው። አፕዴት እየጫነ 60 በመቶ ላይ መብራት ሲሄድ ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ ምን እንደሚሆን ለድሬ ሰው አልነግርም።

ፈቃድ ያለው ዊንዶውስ መሆን አለበት። አቦ፣ እንነጋገር፤ በየቢሮው ያለው ክራክ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በክራክ ላይ የሚደረግ ሙከራ ሙከራ አይባልም። የሆነ ነገር ሲበላሽ ዊንዶውሱ ይሁን ክራኩ አታውቁም። ኢንሳይደር መግባትም ነፃ ፈቃድ አይሰጥም። ቢያንስ ለዚህ አንድ ማሽን ፕሮ ግዙ።

ጊዜው፦ ሰኔና ሐምሌ አይሆንም። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሒሳብ ክፍሉ እናንተን ማየት አይፈልግም። እኛ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ነው የምንሞክረው። ሌላም ጥቅም አለው። አየሩ ቀዝቀዝ ይላል። ይህ ቀልድ አይደለም። ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲያልፍ ላፕቶፕ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አንድ ጊዜ «አዲሱ ዊንዶውስ ከባድ ነው» ብዬ ሪፖርት ልጽፍ ስል የለካሁት ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ፣ መስኮት ሥር መሆኑ ትዝ አለኝ። በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስለካው ከድሮው እኩል ነው። ፍጥነት ስታወዳድሩ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ ይሁን።

4. ከመግባታችሁ በፊት መውጫውን ሥሩ

ይህን ክፍል የሚዘል ሰው አይጀምር።

በመጀመሪያ ሙሉውን ዲስክ ገልብጡ። ክሎንዚላ የሚባለው የመገልበጫ ፕሮግራም ነፃ ነው። ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ አስነሱና ዲስኩን እንዳለ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ቅዱት። ከዚያ መልሱት። አዎ፣ ምንም ሳይበላሽ መልሱት! ተመልሶ ያልታየ ባካፕ ባካፕ አይባልም። እኔ ሦስት ወር «ባካፕ አለኝ» ብዬ የተመካሁበት ዲስክ አንድ ቀን ባዶ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ሁለተኛ፣ የቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) ቁልፍ። 24ኤች2 እንደ አዲስ ሲጫንና በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባበት ዲስኩን በራሱ ጊዜ ሊቆልፈው ይችላል። ሴቲንግስ ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ከዚያ ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን ግቡና እዩ። በርቶ ከሆነ ባለ 48 አሃዙን የመመለሻ ቁልፍ አትሙና የድርጅቱ ማህተም የሚቀመጥበት ካዝና ውስጥ አስገቡት። ላፕቶፑ ውስጥ ፋይል አድርጎ ማስቀመጥ የቤት ቁልፍን ቤት ውስጥ ትቶ በር እንደመዝጋት ነው።

ሦስተኛ፣ ወደ ኋላ መመለሻው። ዊንዶውስ ከፍ ሲል የድሮውን ለ10 ቀን ያቆየዋል። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ውስጥ «ጎ ባክ» የሚለው በተን እሱ ነው። 10 ቀን ግን ለኛ አይበቃም፤ በመሃል በዓል ይገባል። ዲስም በሚባለው የትዕዛዝ መሣሪያ እስከ 60 ቀን ማራዘም ይቻላል። ማሳደጉ እንዳለቀ በዚያው ቀን አድርጉት። ቀኑ ካለፈ በኋላ አይሠራም። ዲስክ ስለሞላ «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚለውን ፎልደር ያጠፋ ሰውም መመለሻውን አብሮ አጥፍቷል።

5. ምዝገባው

ይሄ አጭር ነው። ሴቲንግስ፣ ዊንዶውስ አፕዴት፣ ከዚያ ዊንዶውስ ኢንሳይደር ፕሮግራም። «ጌት ስታርትድ» በሉት። አካውንት ይጠይቃል፤ የድርጅቱን ስጡት። በግል ኢሜይላችሁ አትመዝግቡ። እናንተ ሥራ ስትቀይሩ የሚተካችሁ ሰው ያለቅሳል። ቻናል ምረጡ፣ ሪስታርት አድርጉ፣ አፕዴት ፈልጉ።

«ዲያግኖስቲክ ዳታ» የሚለውን ወደ ኦፕሽናል ካልቀየራችሁ አይቀበላችሁም። ይህ ማለት ከወትሮው የበለጠ መረጃ ስለ ማሽኑ ወደ ማይክሮሶፍት ይሄዳል። ስለዚህ የሙከራው ላፕቶፕ ላይ እውነተኛ የደንበኛ ሰነድ አይኑር። አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ ነገሩ የወግ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። እኛ የምንጠቀመው የሠራናቸውን ሰነዶች ነው። ላኪው «አቶ ሙከራ»፣ ዕቃው «አሸዋ»፣ ክብደቱ አንድ ቶን።

ዶሜይን ያላችሁ (ኮምፒውተሮቹን ሁሉ ከአንድ ሰርቨር የምታስተዳድሩ) «ማኔጅ ፕሪቪው ቢልድስ» የሚለውን ፖሊሲ ተጠቀሙ። ለሙከራው ማሽን ትፈቅዳላችሁ፣ ለሌሎቹ ትዘጋላችሁ። ካልዘጋችሁ አንድ ቀን አንዱ ጎበዝ ወጣት በራሱ ካናሪ ገብቶ ታገኙታላችሁ።

ኢንተርኔት፦ አንድ ልቀት ብዙ ጊጋባይት ነው። በቀን ከጀመረ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ይጮኻል። እኛ ከምሳ በኋላ እስከ 9 ሰዓት ከተማው ሲያርፍ ወይም ማታ እንለቀዋለን። በሞባይል ዳታ ከሆናችሁ ግንኙነቱን «ሚተርድ» (በልክ የሚከፈልበት) አድርጉት። ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽንን ካበራችሁ ደግሞ አንዱ ያወረደውን ሌሎቹ ከሱ ይቀዳሉ።

«አክቲቭ አወርስ» ላይ ተጠንቀቁ። ዊንዶውስ በዚያ ሰዓት ሪስታርት አያደርግም። የኛ 2 ሰዓት ግን እዚያ 8 ነው። 2 ብሎ ሞልቶ ማሽኑን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ ሲያስጠብቀው የኖረ ሰው አውቃለሁ። ስሙን አልናገርም፤ ሥራ ላይ አብረን ነን።

6. ሙከራው ራሱ

ደብተሩን አውጡ። ያን 14 መስመር። በመጀመሪያ ባልተነካው፣ በድሮው ዊንዶውስ ላይ አንድ ዙር ሂዱበት። ይህ ጊዜ ማባከን ይመስላል። ነገር ግን ዶት ማትሪክሱ ድሮም ሁለት ሚሊሜትር ያጋድል ከነበረ አዲሱን ዊንዶውስ በሐሰት አትከሱትም። ከዚያ አሳድጉና ሁለተኛ ዙር።

እኛ ጋ የተገኙትን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ምናልባት እናንተም ጋ አሉ።

ሼርድ ፎልደር። ከላይ ያወራሁት ነው። ፍተሻው ቀላል ነው። ከፎቶኮፒ ማሽኑ አንድ ገጽ ላኩ። ከዚያ የኔትወርክ ሃርድ ዲስኩን ክፈቱ። እምቢ ካለ መፍትሔው ሃርድ ዲስኩ ላይ የተጠቃሚ ስምና ይለፍ ቃል ማበጀት፣ የማሽኑንም የሃርድ ዲስኩንም ፈርምዌር (የውስጥ ሶፍትዌር) ማሳደግ ነው። ፊርማውን ዊንዶውስ ላይ ማጥፋትም ይቻላል። እኔም ያን ሰኞ ከሾፌሮቹ ፊት ቆሜ ያደረግኩት እሱን ነው። ኋላ መለስኩት። አንዴ ከፈታችሁት እዚያው ይረሳል፤ ቫይረስ ሲገባ ነው የሚታወሳችሁ። ጭራሽ መፈረም የማይችል ማሽን ከሆነ ስካኑን በኢሜይል ወይም በፍላሽ እያወጣችሁ መተኪያውን በጀት ውስጥ አስገቡ።

ፒችትሪ። እዚህ አገር ስንት ቢሮ የድሮ ፒችትሪ ላይ እንዳለ ታውቃላችሁ። ከሥሩ የሚሠራው ፐርቬሲቭ የሚባል ዳታቤዝ ነው። በሲንግል ማሽን ላይ ይከፈታል፣ ሁላችሁም ታጨበጭባላችሁ፤ ከሌላ ኮምፒውተር ሲጠራ ግን ዝም። ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ካደገ በኋላ ኔትወርኩ «ፐብሊክ» ሆኖ እንደሆነ ወደ «ፕራይቬት» መልሱት። ሁለተኛ፣ ፋየርዎሉ ላይ ፖርት 1583 እና 3351 ክፍት መሆናቸውን አረጋግጡ። ከዚያ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ካምፓኒ ውስጥ ይግባ፣ ሁለቱም ቫውቸር ይመዝግቡ። ባካፕ ይወሰድ፣ ሌላ ስም ተሰጥቶት ይመለስ። ይህን ሁሉ በተገለበጠ ዳታ ላይ እንጂ በእውነተኛው ላይ አይደለም! የሒሳብ ሹሟን ካጣችሁ ጓደኛ አጣችሁ።

አማርኛው። ይህን ማንም የፈረንጅ መመሪያ አይነግራችሁም። ኒያላ የሚባለው ፎንት ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ እንደ አዲስ ሲጫን አብሮ ላይመጣ ይችላል፤ አማራጭ ሆኗል። ዊንዶውስ በሌላ ፎንት፣ ለምሳሌ በኢብሪማ፣ ይተካዋል። ጽሑፉ ይነበባል። ስለዚህ ማንም ችግር አለ አይልም። ግን የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ በአንድ ገጽ ያለቀው ደብዳቤ ፊርማና ማህተሙ ብቻ ሁለተኛ ገጽ ላይ ይወድቃል። እኛ ያየነው አንድ የውል ሰነድ ስናትም ነው። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ «ኢትዮፒክ ሰፕሊሜንታል ፎንትስ» የሚለውን ጫኑ፤ ይመለሳል።

ፓወር ግዕዝ የምትጠቀሙ ኪቦርዱን ለብቻው ሞክሩ። ዎርድ ላይ፣ ኤክሴል ላይ፣ ብሮውዘር ላይ፣ ፒችትሪ ውስጥ። አንዱ ጋ ሠርቶ ሌላው ጋ ሊቀር ይችላል። ጸና ፀ፣ ኀና ሐ፣ ሟና ቧ እስኪወጡ ጻፉ። የድሮ፣ ዩኒኮድ ያልሆነ ፎንት ላይ የተጻፈ ማህደር ካላችሁም አንድ ሦስቱን ክፈቱ። አራት ማዕዘን ሳጥን ካያችሁ ፎንቱ አልተጫነም ማለት ነው።

ፕሪንተርና ያቺ ገመድ። ዶት ማትሪክሱ ታተመ ማለት አይበቃም። ቅጹን ብርሃን ላይ ያዙና ከድሮው ጋር ደርባችሁ እዩ። ቁጥሩ ሳጥኑ ውስጥ ካላረፈ ቅጹ ዋጋ የለውም።

መብራት። አዎ፣ ይህም በዝርዝሩ ውስጥ አለ። ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡ፤ ካልሆነ የማስነሻ በተኑን ተጭናችሁ ያዙት። ዎርድ ክፍት ሆኖ፣ ያልተቀመጠ ጽሑፍ እያለ። ሲነሳ ፋይሉ ይመለሳል? የቢትሎከር ቁልፍ ይጠይቃል? ከጠየቀ ያ ካዝና ያለው ቁልፍ የሚሠራ መሆኑን የምታዩት አሁን ነው።

በየቀኑ መጨረሻ ሪላይቢሊቲ ሞኒተርን ክፈቱ። ስታርት ላይ «ሪላይቢሊቲ» ብላችሁ ፈልጉት። በየቀኑ ምን እንደወደቀ በቀይ ምልክት ያሳያል። ሠራተኛው «ደህና ነው» ያለበት ቀን ላይ ሦስት ቀይ ካለ ሰውየው ለምዶት ነው ማለት ነው። እኛ ሰዎች ሪስታርት አድርጎ ዝም ማለት እንወዳለን።

ለእያንዳንዱ ችግር አራት ነገር ጻፉ፦ ቀንና ሰዓት፣ የልቀቱ ቁጥር፣ ምን ተደረገ፣ ምን መጣ። የስህተቱን መልእክት በስልክ ፎቶ አንሱት። የልቀት ቁጥሩ የሚገኘው «ዊንቨር» ብላችሁ ስትፈልጉ ነው። ቁጥሩ ያልተጻፈበት ማስታወሻ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥቅም የለውም፤ በመሃል ሌላ አፕዴት ገብቷል።

7. ላፕቶፑን ለሰው ስጡ

እናንተ ብቻችሁን ከሞከራችሁ እናንተ የምታውቁትን ብቻ ነው የምታገኙት። ሁለት ሳምንት ከሞላው በኋላ ላፕቶፑን ለአንድ ሠራተኛ ስጡ። የሥራ ማሽኑን አትውሰዱበት፤ አጠገቡ ይሁን። ነገር ሲወሳሰብ ወደሱ ይመለስ።

ማንን? ኮምፒውተር የሚወድ ወጣት አትምረጡ። እሱ ችግር ሲገጥመው ራሱ ይፈታውና አይነግራችሁም። እኛ የሰጠነው በቢሮው በጣም ለምታማርረው ሴት ነው። በሁለተኛው ቀን «አንተ፣ ይሄ ማዕዘኑ ላይ የነበረው ነገር የት ሄደ?» ብላ ጠራችኝ። የፈለገችው ዎርድፓድን ነበር። 24ኤች2 ላይ ዎርድፓድ የለም። 14 መስመሬ ውስጥ አልነበረም። እሷ ለካ አጫጭር ማስታወሻዎቿን ሁሉ የምትጽፈው እዚያ ላይ ነው! አሥራ አምስተኛው መስመር ሆነ።

8. ለማይክሮሶፍት መንገር

የዊንዶውስ ቁልፉን ከኤፍ ጋር ስትጫኑ ፊድባክ ሃብ ይከፈታል። መጀመሪያ ሌላ ሰው ጽፎት እንደሆነ ፈልጉ፤ ካለ ድምፅ ስጡት። ከሌለ በቀላል እንግሊዝኛ፣ ደረጃ በደረጃ ጻፉ። ስክሪን ሹት ስታያይዙ ኋላ ያለው መስኮት ላይ የደንበኛ ስም እንዳይኖር። መልስ ይመጣል ብላችሁ ቁጭ አትበሉ። ነገር ግን የኢትዮጵያ ፊደል ላይ ያለ ችግር እኛ ካልጻፍነው ማን ይጽፈዋል?

9. መወሰንና ማዳረስ

ደብተራችሁ ላይ ሦስት ምልክት ይብቃችሁ። የሚሠራ፣ በመላ የሚሠራ፣ የማይሠራ። «የማይሠራ» አንድም ካለ አታሳድጉ። ለአለቃችሁ ስትነግሩ የልቀት ቁጥር አታውሩለት። «ካሳደግን ስካን ይቆማል፤ እንዳይቆም ይህን ያህል ብር የሚያወጣ ዕቃ ያስፈልጋል» በሉት። እሱን ይሰማል።

መቸኮል የለባችሁም። አንድ የዊንዶውስ 11 ስሪት ለፕሮ 24 ወር፣ ለኢንተርፕራይዝ 36 ወር ድጋፍ አለው። ስሪቱ ለሁሉም ከወጣ በኋላ አንድ ሁለት ወር ብትቆዩ የሚጠይቃችሁ የለም።

ስታዳርሱ በሦስት ዙር ይሁን። መጀመሪያ የናንተና የአንድ ፈቃደኛ ሰው ማሽን። ሳምንት ቆይቶ ከየክፍሉ አንድ አንድ፤ አንድ ክፍል በሙሉ በአንድ ቀን አይደረግም። ከዚያ የቀሩት። ሒሳብ ክፍልና ስካን የሚቀበለው ኮምፒውተር መጨረሻ ናቸው። ቀኑ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይሁን። ዓርብ ከሰዓት የሚለውን ከኔ ተማሩት።

የሙከራውን ላፕቶፕ ከሪሊስ ፕሪቪው ማውጣት ከፈለጋችሁ እዚያው ኢንሳይደር ገጽ ላይ ቀጣዩ ስሪት ሲወጣ ልቀት መቀበል እንዲያቆም የሚያደርግ ማብሪያ አለ። ቤታም ላይ አለ። የሙከራ ልቀቶች የማብቂያ ቀን አላቸው፤ ተመዝግቦ ለወራት መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ላፕቶፕ አንድ ቀን ሲከፈት ያስቸግራል። የኛ ፎቶኮፒ ማሽኑ አጠገብ፣ ክዳኑ ላይ «የሙከራ፣ አትንኩ» የሚል ፕላስተር ተለጥፎበት ይቀመጣል። ሁሉም ይነካዋል።

ለተዳረሱት ማሽኖች ደግሞ ቀኑን ካላንደር ላይ አክብቡ። እያንዳንዱ ዙር ካደገ በዘጠነኛው ቀን ጠዋት፣ ዊንዶውስ የድሮውን ሳያጠፋው፣ በየጠረጴዛው ዙሩና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «በዚህ ሳምንት ማድረግ ያቃተህ ነገር አለ?» አለ የሚል ካለ ወይ እዚያው ቀኑን አራዝሙለት፣ ወይ ያን ማሽን በዚያው ቀን መልሱት።